በሳነቴ ጉም ውስጥ የተጠራው ስልክ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ። ሳወራው ግን ሁልጊዜ አንዷን ነገር እየዘለልኩ ነው። ሰዎች "ጎበዝ ነሽ" ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ያችን የዘለልኳትን ዛሬ ልጻፋትና ይውጣልኝ።

ሮቤ ከተማ ውስጥ ለወጣቶች የሞባይል ጥገና አስተምራለሁ። ትውልዴ ደብረ ታቦር ነው፤ ለሥራ ተመድቤ ወደ ባሌ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ኦሮምኛዬ ገበያ ላይ ለመከራከር ይበቃል፣ ለቁም ነገር ግን ይጎድላል። ጠባዬ ከተነሳ ደግሞ ግትር ነኝ። እናቴ "አንቺ ልጅ ከወንዝ ድንጋይ ጋር ትከራከሪያለሽ" ትለኛለች፤ አልዋሸችም።

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በእርዳታ ከመጡት መካከል አንድ ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ስለ ብሉቱዝ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ሁለት ዕቃዎች እንዴት እንደሚፈላለጉ፣ እንዴት እንደሚተዋወቁ፣ ሲለያዩ ምን እንደሚሆኑ። ከኋላው የተዋሾች ስም የሚጻፍበት ካርድ ተለጥፎበታል። ካርዱ ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ስም የኔ ሆነ፣ ሁለተኛ አልመጣም። ሌላ ቀጭን መጽሐፍም አለኝ፤ ባትሪ ስለሚቆጥበው ስለ አዲሱ ዓይነት ብሉቱዝ የሚናገር ነው፤ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ አሳትማ፣ በስፒራል አስጠርዛ የላከችልኝ።

በነዚህ ሁለት መጻሕፍት ምክንያት መምህራን ክፍል ውስጥ መሳቂያ ሆኜ ነበር። ሰው ብሉቱዙን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሌላ ምን የሚነበብ አለው ይሉኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የምትለዋን ተረት ያልተረተብኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ወፍራሙን ሳነብ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ከተሳቀብኝ በኋላ ግን ጨርሼ ካላየሁት ብዬ እልህ ውስጥ ገባሁ።

ያን ቀን ዶሎ መና ላሉ ስልክ ጠጋኞች የሁለት ቀን ሥልጠና ልሰጥ ነበር የምሄደው። ሁለቱንም መጻሕፍት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከጎባ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሳነቴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ሳነቴን ላላየ ሰው፦ ከጎባ በላይ ያለ ሰፊ ከፍታ ነው፤ ዛፍ የለበትም፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ጅብራ የሚባል ረጅም ተክል ብቻ ነው፤ ቀን ላይ በጋቢ ይቻላል፣ ሌሊቱ ግን ውኃ ያረጋል። የስልክ ኔትወርክም የለም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ ነን። ጉሙ መኪናው ላይ ተኝቶበታል፤ ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ ነው የሚነዳው። በድንገት ፍሬን ያዘ። መንገዱ መሀል አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

"ሰው አላያችሁም? መንገድ ዳር የወደቀ ሰው?" አሉ፣ በመስኮቱ በኩል እያንዳንዳችንን በዓይናቸው እየቆጠሩ።

ኦቦ ሁሴን ይባላሉ፣ የሪራ ሰው ናቸው። የጠፋው ልጃቸው ጀማል ነው። ጀማል ከትናንት ወዲያ ጎባ ማር ሊሸጥ ወጥቶ፣ ትናንት በፈረሱ ሲመለስ ነበር። ማታ ላይ ፈረሱ ብቻውን ሪራ ደረሰ፤ ኮርቻው ወደ ሆዱ ዞሯል። አባትየው፣ ታናሽ ወንድሙ ከድርና ሦስት ጎረቤቶች ጎህ ሳይቀድ ወደ ላይ ወጡ። ፈረሱንም ይመራናል ብለው አመጡት። ፈረሱ ግን ሣሩን ይነጫል። ጠዋት ያገኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ራቅ ብሎ የወደቀ የጀማል ባዶ የማር ጀሪካን።

"አንድ ሌሊት አድሯል" አሉ ኦቦ ሁሴን። "ሁለተኛ ሌሊት እዚህ ሰው አያድርም።"

ሹፌሩ አዝኖ "አላህ ያገናኛችሁ" ብሎ ማርሽ ሊያስገባ ሲል፣ እኔ ዓይኔ ኮርቻው ላይ አረፈ። ባሌ ውስጥ የፈረሰኛ አንድ ፋሽን አለ። ኮርቻው ፊት ለፊት ትንሽ ስፒከር ያስራል፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ፈረሱም ሰውየውም እየሰሙ መንገድ ይገፋሉ። ፈረሱም ይወደዋል ይላሉ። በዳማው ፈረስ ኮርቻ ላይ በመጫኛ ቁራጭ የታሰረች ሰማያዊ ስፒከር ነበረች።

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ከድርን ጠየቅኩት። "ይቺ ስፒከር የጀማል ናት?"

"የሱ ናት።"

"ከስልኩ ጋር በገመድ ነው የሚያገናኛት?"

"በብሉቱዝ። ስልኩን አይነካውም። እሷን ሲከፍታት ራሷ ትይዘዋለች።"

"ስልኩስ?"

"ኪሱ ውስጥ ነዋ። ባለ ቁልፍ ነው፣ ቻርጁ ሳምንት ይቆያል" አለኝና፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል በሚል ዓይን አየኝ።

ራሷ ትይዘዋለች። ይህን ቃል ስሰማ ያነበብኩት አንድ ገጽ ትዝ አለኝ። ወፍራሙን መጽሐፍ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ገለጥኩት። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ "ቲቸር፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?" አለ። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ገጹን አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ስፒከር ሲበራ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ በመጨረሻ የያዘውን ስልክ መጥራት ነው። ስልኩም ባለቤቱ ይተኛ ይንቃ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ በየሰኮንዱ ጆሮውን ከፈት አድርጎ የጠራኝ አለ ወይ ብሎ ያዳምጣል። ከሰማ ይያያዛሉ፤ ስፒከሩም በእንግሊዝኛ "ኮኔክትድ"፣ ተገናኘሁ ይላል። ኔትወርክ አያስፈልገውም። ጉምም አያግደውም። ርቀቱ ግን አጭር ነው።

ከመኪናው ወርጄ ለኦቦ ሁሴን እንደምንም በሁለት ቋንቋ አስረዳኋቸው። "አባባ፣ ይቺ ስፒከር የጀማልን ስልክ ታውቀዋለች። ቀርባ ከጠራችው ትመልስልናለች። ይዘናት እንዙር።"

እሳቸው መጽሐፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ይሄ መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚለው?"

"አዎ።"

"እሺ ኢንተላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ኮቱ፣ ነዪ።"

ሹፌሩ ተሳፋሪ ጭኗል፣ ሊጠብቀኝ አልቻለም። "የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ" ብሎ አጉረመረመና ቦርሳዬን በመስኮት አቀበለኝ። መኪናው ጉሙ ውስጥ ሲገባ መብራቱ ወዲያው ጠፋ። ያኔ ነው ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ክፍል ውስጥ የማወራ ሰው ነኝ። አሁን ግን የአንድ ሰው ሕይወት እኔ ከመጽሐፍ ባነበብኩት ላይ ተንጠለጠለ።

መጀመሪያ ያዘዝኩት ስልካቸውን ሁሉ እንዲያጠፉ ነው። ስፒከሯ ከዚህ በፊት የያዘችውን ሌላ ስልክ አጠገቧ ካገኘች እሱን ይዛ ቁጭ ትላለችና። "አንድ ሰርግ ላይ የሁላችንንም ይዛለች" አለ ከድር። ሁሉም እያወጡ አጠፉ። እኔም አጠፋሁ።

ጀሪካኑ ከወደቀበት ቦታ ጀመርን። እኔ ስፒከሯን ይዤ ሠላሳ እርምጃ እቆጥራለሁ፣ እቆማለሁ፣ አበራታለሁ። ቱሩሩት የምትል ዜማ ታሰማለች። እስከ አሥር ቆጥሬ አጠፋታለሁ፣ እንደገና ሠላሳ እርምጃ። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ተበትነው "ጀማል" ይላሉ፤ እኔ ስቆም እነሱም ዝም ይላሉ። አንዱ መስመር ሲያልቅ ሠላሳ እርምጃ ወደ ጎን ሄደን በሌላ መስመር እንመለሳለን። ሠላሳ ያልኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ላይ ለሜዳ የተጻፈውን ርቀት አይቼ ነው ያልኩት።

አንድ መስመር ሄድን። ሁለት ሄድን። ጉሙ ሲሳሳ አምስት ሜትር ያሳያል፣ ሲወፍር የራሴን ጫማ ይከለክለኛል። ጣቶቼ ቁልፉን መጫን አቃታቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ኦቦ ሁሴን በየቆምንበት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው።

አምስተኛው መስመር መሀል ላይ ስፒከሯን ከፈትኳት። ዜማዋን አሰማች፣ አሥር ልሞላ ስል በእንግሊዝኛ የምትናገር ሴት ድምፅ "ኮኔክትድ" አለች።

ሁሉም ወደኔ ሮጠ። ኦቦ ሁሴን ተደናቅፈው ወደቁ፣ ተነሱ፣ "የታል? የታል?" ይላሉ። የማጫወቻውን ቁልፍ ስጫነው ዘፈን ጥርት ብሎ ወጣ። በጣም ጥርት ብሎ። ቀና ስል፣ በዚህኛው መስመር ከጎኔ መሄድ የጀመረው ከድር የደረት ኪሱን በእጁ ይዞ ቆሟል።

ስልኩን አላጠፋም ነበር።

"ምን አልኩህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"እሱ ቢደውልስ ብዬ ነው" አለ። "ከዚያ ጉብታ ላይ አንዳንዴ ኔትወርክ ይመጣል። ቢደውልልኝና ዝግ ቢሆንበትስ ብዬ።"

ባትሪውን ነቀለና በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ባትሪውን ያዘ። አባትየው ባርኔጣውን ጆሮው ላይ ዝቅ አደረጉለት።

እኔ ግን ሌላ ጭንቅ ገባኝ። አሁን ስፒከሯ በመጨረሻ የያዘችው ስልክ የጀማል መሆኑ ቀርቷል፤ የከድር ሆኗል። የከድርን ስታጣ ወደ ጀማል ስልክ ለማለፍ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል? መጽሐፉን ገለጥኩ። አንዳንዱ ዕቃ ቶሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ብዙ ይቆያል፤ እንደ ሠሪው ነው ይላል። እንደ ሠሪው። ያቺን ሰማያዊ ስፒከር ማን እንደሠራት እንኳ አልተጻፈባትም። ቀጭኑን መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የለውም።

"ችግር አለው?" አለኝ ከድር።

"የለውም" አልኩት። ዋሸሁት። ብነግረው ምን ሊያደርግ ነው? በየቆምኩበት ግን ከእንግዲህ እስከ ሠላሳ እቆጥር ጀመር፤ የመጀመሪያውን ጠርታ ስታጣ ወደ ሁለተኛው እንድታልፍ ጊዜ ልስጣት ብዬ።

ሦስት ጊዜ እንደቆምን መብራቷ ቀይ ሆነ። "ባትሪ ሎው" አለች ያቺው ሴትዮ፣ ሻይ አልቋል እንደሚል ሰው ምንም ሳይመስላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ታርፋለች ብለው ዙሪያዬን ቆሙ። መጽሐፉን የገለጥኩት ፈልጌ ሳይሆን፣ እነሱን ላለማየት ነው። እዚያ ገጽ ላይ አንድ የሰው ሥዕል አለ። ስልኩ ከኋላ ኪሱ ነው፤ የስልኩ የሬዲዮ ሞገድ ከፊቱ ሳስቶ ሳስቶ ይጠፋል። ይህን ገጽ ሮቤ ሆኜ ስንቴ አልፌዋለሁ። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ያንን ሞገድ ይውጠዋል ይላል።

ክው አልኩ። ሠላሳ እርምጃ ያልኩት ሰውየው ቆሞ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ እንደሚጠብቀኝ አድርጌ ነው። የወደቀ ሰው እኮ ይተኛል። ስልኩ ላይ ተኝቶበት ከሆነ፣ ከላይ ገላው ከታች እርጥብ መሬት ካፈነው፣ አሥር እርምጃም ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። በመስመሮቻችን መካከል ያለው ቦታ ሁሉ አልተፈለገም ማለት ነው። ፈልገነዋል ብለን ጥለነው የመጣነው ቦታ።

ተነስቼ ለኦቦ ሁሴን ነገርኳቸው። እሳቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ትልልቆቹ ድንጋዮች እንሂድ እያሉ ነበር።

"ወደ ኋላ?" አሉ። "ያየነውን ቦታ? ልጄ፣ ብርሃኑ እያለቀ ነው። ይሄ ዕቃም ሊሞት ነው ብለሻል።"

"ለሁለቱም አይበቃም። አንዱን መምረጥ አለብን። እኔ ወደ ኋላ ነው የምለው።"

"ሠላሳ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ አባባ።"

ኦቦ ሁሴን ረጅም ጊዜ ፊቴን ተመለከቱ። በራሴ ልጅ ሕይወት ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ አይምጣብኝ አልኩ በልቤ። እሳቸው በመጨረሻ ከዘራቸውን ወደ መጣንበት አዞሩ።

"ተሳስቻለሁ ካልሽ አንቺው ምሪ" አሉ።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው መስመር መካከል ገባን። አሥር እርምጃ፣ ቁም፣ አብራ፣ እስከ ሠላሳ ቁጠር፣ አጥፋ። የማበራት ቁልፏን በተጫንኩ ቁጥር አልበራም ብትለኝስ እላለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቆምኩ። ስድስተኛው ላይ አሥር ቆጠርኩ፣ ዝም። ሃያ ቆጠርኩ፣ ዝም። ሃያ አራት ላይ "ኮኔክትድ" አለች።

ዞሬ ከድርን አየሁት። ሁለት እጆቹን አወጣ። በአንዱ ስልኩ፣ በሌላው ባትሪው።

የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫንኩ። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ ጌረርሳ ነው፣ ፈረሰኞች የሚወዱት የጀግንነት እንጉርጉሮ። ይቆራረጣል። አንድ ቃል ይሰማል፣ ሁለት ይጠፋል። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ጭራሽ ጠፋ። ተመለስኩ። ወደ ቀኝ ስሄድ መጣ። ድምፁ ሲቆራረጥ እያፈገፈግን፣ ሲጠራ እየገፋን፣ ስድስታችን አንድ ላይ ተጠጋግተን እንደ ዕውር በጉሙ ውስጥ ሄድን። እንጉርጉሮው ጥርት ብሎ ከወጣበት ቦታ ስንደርስ ከድር ጮኸ።

ሁለት ድንጋዮች ተጋጥመው፣ በመካከላቸው እንደ ጎድጓዳ ያለ ቦታ አለ፤ አስታ ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ሁለት እርምጃ ብንርቅ አናየውም ነበር። ጀማል በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፣ ስልኩ ከሥሩ ነው። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው፣ ያየናል።

ኦቦ ሁሴን አልጮኹም። "አልሐምዱሊላህ" አሉ ቀስ ብለው፣ ጎድጓዳው ውስጥ ገቡና አጠገቡ ተኝተው በጋቢያቸው አቀፉት። እኔ ስፒከሯን እንደያዝኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስፒከሯ ራሷን አጠፋች።

እግሩ መታሰር ነበረበት። ሳነቴ ላይ ደግሞ እንጨት የለም፤ ጅብራው ውስጡ ልፍስፍስ ነው። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ የከብት ስብራት የሚያስር ሰው፣ ዙሪያውን አይቶ አይቶ ወደ ቦርሳዬ አመለከተ። ቀጭኑን መጽሐፍ ሰጠሁት። በጀማል እግር ዙሪያ ጠቀለለውና በኦቦ ሁሴን ጥምጥም ጥፍር አድርጎ አሰረው። ለምንም አልረዳኝም ያልኩት መጽሐፍ የሥራ ድርሻውን ወሰደ።

በጋቢ ተሸክመን መንገዱ ላይ ስንደርስ ሊጨልም ጥቂት ነው የቀረው። የመኪና መብራት ከሪራ በኩል መጣ። ሹፌሩ ነው። ተሳፋሪዎቹን ሪራ ሻይ ቤት አስቀምጧቸው ባዶ መኪና ይዞ ተመልሷል። "ጥዬሽ ሄጄ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው እንዴ ቲቸር?" አለኝ። ከዚያ ጀማልን አየና ኮቱን አወለቀ። ወደ ጎባ፣ ወደ ሐኪም ቤት ወረድን።

እስካሁን ለሰው የማወራው እዚህ ድረስ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ጀማል በክራንች ሮቤ መጣ። ከድር አብሮት ነው፣ ማር ይዘዋል። ቀጭኑንም መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልለው መልሰዋል። ብርዱ ሁለት የእግር ጣቶቹን ወስዶበታል። ሐኪሞቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ይተርፉ ነበር እንዳሏቸው ከድር ሳያስበው ነገረኝ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው እኔ በተሳሳተ መስመር ያዞርኳቸው። ማሩን ልቀበል እጄ አልዘረጋ አለ።

"ጀማል፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት። "መጀመሪያ ላይ አልፈንህ ሄደን ነበር። የኔ ስሕተት ነው።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ከድር ነገረህ?"

"አይ። ሰምቻችሁ ነበር።" ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "ያቺን ቱሩሩት ሰማኋት። አባቴ ስሜን ሲጠራም ሰማሁ። ልመልስ ብል ድምፅ የለኝም፣ ሌሊቱን ስጮህ አልቆ ነበር። ከዚያ ድምፃችሁ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ።" ወደ እግሩ አየ። "እግሬ ሲሰበር አልፈራሁም ቲቸር። ያኔ ነው የፈራሁት።"

ወንበር አቀረብኩለት።

"ከዚያ ደግሞ ቱሩሩቷ ተመልሳ መጣች" አለ። "ይሄን ነው ልጠይቅሽ የመጣሁት። ለምን ተመለሳችሁ?"

ወፍራሙን መጽሐፍ አምጥቼ ገጹን ገለጥኩለት። እንግሊዝኛ አያነብም። ሥዕሉን ግን አየው፤ ሰውየውን፣ ከኋላው ያለውን ስልክ፣ ከፊቱ እየሳሳ የሚጠፋውን ሞገድ። አውራ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አደረገና ብዙ ቆየ።

"ይሄ እኔ ነኝ" አለ። "ለእናቴ ላሳያት።"

መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ስለሆነ ያለ ስም አይወጣም። ካርዱ ላይ ከስሜ ሥር ጀማል ሁሴን ብዬ ጻፍኩ። በወሩ ከድር መለሰው። ያ ገጽ ላይ ትንሽ የማር አሻራ አለበት፤ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ተቆጣች።

አሁን መምህራን ክፍል ውስጥ ማንም አይስቅብኝም። እንዲያውም ለአዲስ መምህር ታሪኩን እነሱ ናቸው የሚያወሩት፤ እሷ ሰው ያተረፈች ናት ይላሉ። ጀማልም ደህና ነው፣ ያነክሳል እንጂ ፈረሱ ላይ ተመልሷል። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን ጎበዝ ነሽ በተባልኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ኮኔክትድ ያለችበት ሰዓት አይደለም። ትዝ የሚለኝ እኔ ራሴ ያልሰማሁት ነው፤ ድንጋይ መካከል ተኝቶ፣ የአባቱን ድምፅ ሲርቅ እየሰማ፣ አፉን ከፍቶ ምንም ያላወጣው ሰው።